በሩ ነው

ሻርጃ ውስጥ፣ ከሮላ ዝቅ ብሎ፣ ከባንግላው ስልክ ጠጋኝ ጎን፣
ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወት፤ ፀጉር ቤት ብዬዋለሁ ይሄን።
ኤሲው ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ አለ፤
ሐሙስ ማታ ሐበሻ ይሰለፋል፣ ሳምንቱን ከጫንቃው እየጣለ።

የእኔ እንጀራ ራስ ነው።
ሰው ፊቱን ያጥባል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣
ማጅራቱን ግን ማን አይቶት ያውቃል?
እኔ አየዋለሁ፤
የልጅነት ቆረቆሩን፣ የድንጋይ ፍንክቱን፣
ለማንም ያልነገረውን ሽበቱን።

ደጀኔ በአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል።
ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፤
ደረተ ሰፊ፣ አንገተ ወይፈን።
ሲቀመጥ ወንበሩ ያቃስታል፤
እሱ ግን ድምፁ የለም።

በመጀመሪያው ቅንድቡ ላይ ነበር።
«ምን ሆንክ?» ስለው፣ «በሩ ነው» አለኝ፤ «የመታጠቢያ ቤቱ በር።»
በሁለተኛው ከጆሮው ሥር፤ ሳልጠይቀው፣ «በሩ ነው።»
በሦስተኛው አንገቱ ላይ፣
አራት መስመር ጎን ለጎን፣ ገና ያልደረቀው።
ማሽኑን አጠፋሁና ወደ ጆሮው ተጠጋሁ፤
«የእናንተ በር ጥፍር ያበቅላል?»
ዝም አለ።
ቆይቶ፣ «ከኋላ አታሳጥረው» አለ፤ «ይሸፍነው።»

ያን ዕለት አግዳሚው ላይ አንዱ ወሬ አመጣ፤
«አጅማን ያለው ሰውዬ፣ ሚስቱ በመጥበሻ ስትለው፣ በካልሲው ወጣ!»
ሳቅ ፈነዳ።
«ወንድ ነኝ ብሎ ሱሪ ታጥቋል!» «ቀሚሷን ታውሰው!»
እኔም ሳቅሁ፣
ምላጩን ከደጀኔ ማጅራት ላይ ሳላነሳው።
እሱም ሳቀ፤ ከሁላችን አስበልጦ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ።
መስታወቱ ብቻ አልሳቀም።
አየሁት፤ ዓይኔን አሸሸሁ፣
ወደ ባልዲው፣ ወለሉ ላይ ወደ ወደቀው ፀጉር።

ትናንት፣ መዝጊያውን ግማሽ አውርጄ ሳለሁ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ።
አንገቱ ላይ ፕላስተር፤ የዓሣ ሥዕል ያለበት፣ የልጅ፣ ሰማያዊ።
«የሶሪያዋ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ክፍል፤ ከኋላዬ ነው ወንበሯ።
‹ዓሞ፣ ዛሬም በሩ ነው?› አለችኝ።
አልሳቀችም።
ከቦርሳዋ አውጥታ ለጠፈችልኝ በእጇ።»

ከዚያ ወሬው መጣ፣ ዘግቶ እንደከረመ ቧንቧ፤
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣
ቀጥሎ ውኃ።

መኖሪያ ፈቃዱ በዝናሽ ስም ነው፤ ፓስፖርቱ ከመሳቢያዋ፤
ደሞዙ ሲገባ የሚጮኸው የእሷ ስልክ ነው።
«ፖሊስ ጥራ» ትለዋለች፤ «የተመታሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤
ቁመትህን አይተው ይፍረዱ።»

«ታውቃለህ» አለኝ፣ «ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ።
ኩዌት ሳለች፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማዳሟ ተኩሳታለች።
ሌሊት ስትባንን የማቅፋት እኔ ነኝ።
ግን እኔ ባልነበርኩበት ቤት የተጻፈ ዕዳ
በእኔ ገላ ለምን ይከፈላል?
እጄንስ? እጄን ኪሴ ከተትኩት፤
አንድ ጊዜ ካወጣሁት የት እንደሚያቆም አላውቅም ብዬ።
አራት ዓመቱ።
እዚያው አለ።»

እኔ ምን ልበል?
ሳቄ ትዝ አለኝ፤
ጉሮሮዬ ላይ የሰው ፀጉር የቀረ መሰለኝ።

ወንበሩ ላይ ወጣ።
«ከኋላ አሳጥረው» አለ።
«እስከ ቆዳው። ይታይ።»

ስጨርስ አንገቱን አራገፈ፤ ገንዘቡን አልቀበልም አልኩ፤
ከምላጩ ሥር አስቀምጦት ተነሣ።
ወዴት ነህ አላልኩትም። ጣቢያው በግራ ነው፣ ቤቱ በቀኝ።
ሁለት እጁን ከኪሱ አውጥቶ
መዝጊያውን ከፍ አደረገ፤
ወጥቶ፣ ከውጭ ሆኖ፣ ቀስ አድርጎ መለሰው።

በሩ ድምፅ አላሰማም።